ክንደ ብረቱ አቶም፤ አፈጣጠሩና ዋጋው

«ችግር ብልኀትን ይወልዳል» ሲባል ብዙ ጊዜ ሰምተናል፤ እውነትነቱንም የሚመሰክሩ ታሪኮች በየአገሩ አይታጡም። ነገር ግን ከችግር የተወለደው ብልኀት ካደገ በኋላ ማንን እንደሚጠቅም፣ ዋጋውንስ የሚከፍለው ማን እንደ ሆነ አጥብቆ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። እኛም በዚህች አጭር ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ይህንኑ ነው። ለምሳሌነት የመረጥነው ደግሞ በጃፓን አገር ለቴሌቪዥን በእጅ እየተሣለ የተዘጋጀውን የአንድ ምናባዊ ሕፃን ታሪክ ነው። የሕፃኑ ስም በጃፓኖች ቋንቋ «ቴትሱዋን አቶሙ» ይባላል፤ ወደ ቋንቋችን ብንመልሰው «ክንደ ብረቱ አቶም» እንደ ማለት ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስታውስልን እንለምናለን።

በተለምዶ ካርቱን የሚባለው ፊልም የሕፃናት ማሣቂያ ስለ ሆነ የታሪክ ጸሐፊን ብዕር የሚያደክም ቁም ነገር የለበትም የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። እኛ ግን እንዲህ አናምንም። ሕፃናት የሚሥቁባትን አንዲት ሴኮንድ ለማዘጋጀት ስንት ጐልማሶች ሌሊቱን በመብራት እንደሚያነጉ ያስተዋለ ሰው ነገሩን እንደ ቀልድ ሊያየው አይችልም።

የአቶም ፈጣሪ ኦሳሙ ቴዙካ በኖቬምበር 3 ቀን 1928 በኦሳካ አውራጃ ቶዮናካ በምትባል ከተማ ተወለዱ፤ ያደጉትም ታካራዙካ በተባለችው ከተማ ነው። አባታቸው በቤታቸው ውስጥ ትንሽ የፊልም ማሳያ መሣሪያ ስለ ነበራቸው፣ ቴዙካ ከአሜሪካ የመጡትን የካርቱን ፊልሞች ገና በልጅነታቸው ከቤት ሳይወጡ ለማየት ታደሉ። ከዚህም ሌላ ጥንዚዛዎችንና ልዩ ልዩ ነፍሳትን እየሰበሰቡ መሣል ይወዱ ነበር፤ ስለዚህም ነፍሳትን የሚያመለክተውን የጃፓን ፊደል በብዕር ስማቸው ላይ ጨመሩት።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ፣ በማርች ወር 1945 የአሜሪካ አውሮፕላኖች የኦሳካን ከተማ በእሳት ቦምብ ደበደቡ። በተከታዩ ወር ቴዙካ ከቃጠሎ በተረፈ አንድ የሲኒማ አዳራሽ ገብተው፣ ሞሞታሮ ስለሚባለው የጃፓን ተረት ጀግና በእጅ ተሥሎ የተሠራውን ረጅም ፊልም ተመለከቱ። ፊልሙን ያሠራው የጃፓን የባሕር ኃይል ሲሆን ዓላማውም ሕዝቡን ለጦርነት ለመቀስቀስ ነበር። ዳሩ ግን የ16 ዓመቱ ተማሪ ልብ የተነካው በጦርነቱ ስብከት ሳይሆን፣ በፊልሙ ውስጥ ተሸሽጎ በነበረው ለሕፃናት የታሰበ ርኅራኄ ነው። በዙሪያቸው ከተማው ዐመድ ሆኖ ሳለ እርሳቸው በጨለማው አዳራሽ ተቀምጠው አለቀሱ፤ አንድ ቀንም እንዲህ ያለውን ፊልም እኔው ራሴ እሠራለሁ ብለው ወሰኑ።

ከጦርነቱም በኋላ በኦሳካ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተምረው የሐኪምነት ፈቃድ አገኙ፤ በ1961ም የሕክምና ዶክቶርነትን ማዕርግ ተቀበሉ። ነገር ግን እጃቸው ከመርፌና ከመድኃኒት ይልቅ ወደ ብዕርና ወደ ቀለም አዘነበለ። ማንጋ የሚባለውን፣ ሥዕል በሥዕል እየተከታተለ የሚነገረውን የጃፓን ልብ ወለድ በመድረስ ስማቸው በአገሩ ሁሉ ታወቀ።

አቶም በመጀመሪያ የታየው በ1951 በአንድ የልጆች መጽሔት ላይ «አምባሳደር አቶም» በሚባለው ታሪክ ውስጥ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት «ክንደ ብረቱ» የሚለውን ስም ይዞ የታሪኩ ዋና ሰው ሆነ። የታሪኩም ፍሬ ነገር እንደሚከተለው ነው። ተንማ የተባለ አንድ ሊቅ ቶቢዮ የተባለ ልጁ በመኪና አደጋ ይሞትበታል። ሊቁም በሐዘኑ ብዛት የሟቹን ልጅ መልክ የያዘ ሮቦት ይሠራል። ሮቦቱ 100,000 የፈረስ ጕልበት አለው፤ በሰማይ ይበራል፤ 60 ቋንቋዎችን ይናገራል። ነገር ግን ከዓመት ወደ ዓመት ቁመቱ አይጨምርም። አባትየውም ይህ ፍጡር እንደ ልጁ ሊያድግ እንደማይችል በተረዳ ጊዜ ተቈጥቶ ለሰርከስ ሸጠው። በኋላም ፕሮፌሰር ኦቻኖሚዙ የተባሉ ደግ ሰው ከሰርከሱ አውጥተው አሳደጉት፤ አቶምም ሰዎችንና ሮቦቶችን ለማስማማት የሚደክም ጀግና ሆነ።

በዚህ ተረት ውስጥ ያለው ጥያቄ የሕፃን ጥያቄ ብቻ አይደለም። ሰው ለራሱ መጽናኛ ብሎ የፈጠረውን ፍጡር እንደ ምኞቱ ሳይሆንለት በቀረ ጊዜ ሊጥለው ይገባዋልን? የሚሠራና የሚያገለግል፣ የሚያዝንና የሚደሰትም ፍጡር እንደ ዕቃ ሊቈጠር ይገባዋልን? አንባቢ ይህን ጥያቄ በልቡ ይያዝልን፤ ወደ መጨረሻው እንመለስበታለንና።

አሁን ደግሞ በእጅ የሚሣል ፊልም እንዴት እንደሚሠራ ጥቂት ማስረዳት ያስፈልገናል። የሲኒማ ፊልም በማሳያው መሣሪያ ውስጥ ሲያልፍ በእያንዳንዷ ሴኮንድ 24 ምስሎች ይታያሉ። ዓይናችን እነዚህን አንድ በአንድ ለይቶ ለማየት ስለማይችል ነገሩ የሚንቀሳቀስ ይመስለናል። እንግዲህ የ25 ደቂቃ ፊልም 36,000 ምስሎች አሉት ማለት ነው። አስቀድሞ ደራሲው ታሪኩን ይጽፋል፤ ታሪኩም በትንንሽ ሥዕሎች ተከፋፍሎ እንደ ንድፍ ይዘጋጃል። ከዚያ በኋላ ዋናው ሠዓሊ የእንቅስቃሴውን መነሻና መድረሻ ይሥላል፤ ረዳቶቹም በመካከል ያለውን እየሣሉ ይሞሉታል። ሥዕሉ ሴሉሎይድ በሚባል እንደ መስተዋት ብርሃን በሚያሳልፍ ስስ ገጽ ላይ ይገለበጥና በስተጀርባው ቀለም ይቀባል። በመጨረሻም በመልክአ ምድሩ ሥዕል ላይ ተደርቦ በካሜራ አንድ በአንድ ይነሣል። ድምፅና ሙዚቃ የሚጨመርበት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

በዚያን ዘመን የጥበቡ ታላቅ መምህር የአሜሪካው ዋልት ዲዝኒ ነበሩ። በጃፓንም ቶኤይ የተባለው የፊልም ኩባንያ በ1956 የሥዕል ፊልም ክፍል አቋቁሞ፣ በ1958 ስለ ነጭ እባብ የሚነገረውን ተረት በጃፓን የመጀመሪያው ባለቀለም ረጅም የሥዕል ፊልም አድርጎ አወጣ። ቶኤይ በ1960 ባወጣውና ስለ ዝንጀሮው ንጉሥ በሚናገረው ፊልም ቴዙካ ራሳቸው ተካፋይ ስለ ነበሩ፣ የሥራውን ውጣ ውረድ ከውስጥ ሆነው ተመለከቱት። እንዲህ ያለው ፊልም ብዙ ሠዓልያንንና ረጅም ጊዜን ይፈጃል። ቴሌቪዥን ግን አይታገሥም፤ በየሳምንቱ በተወሰነው ቀንና ሰዓት አዲስ ክፍል ቀርቦ እንዲጠብቀው ይሻል። በአሜሪካ ሃናና ባርቤራ የተባሉት ሁለት ሰዎች በ1957 ኩባንያቸውን አቋቁመው የሥዕሎቹን ቍጥር በመቀነስ ለቴሌቪዥን የሚሆን ፊልም ማዘጋጀት ጀምረው ነበር። በጃፓን ግን ግማሽ ሰዓት የሚወስድ ታሪክ በየሳምንቱ እየሣለ ለማቅረብ የደፈረ ሰው ገና አልተነሣም ነበር።

ዶክቶር ቴዙካ በ1961 በቶኪዮ ኔሪማ በተባለው ቀበሌ በመኖሪያ ቤታቸው አጠገብ የራሳቸውን ስቱዲዮ መሠረቱ፤ ስሙንም ከሚወዱት ነፍሳት ስም ወስደው «ሙሺ» አሉት። ኤይኢቺ ያማሞቶና ዩሳኩ ሳካሞቶ ከመጀመሪያዎቹ የሥራ ባልደረቦቻቸው መካከል ነበሩ። የስቱዲዮው መነሻ ገንዘብ ዶክቶር ቴዙካ ማንጋ በመሣል ያገኙት ገቢ ነበር። በ1962 ስለ አንድ የመንገድ ዳር ሕይወት የሚናገር፣ ለንግድ ያልታሰበ ውብ ፊልም ሠርተው ለሕዝብ አሳዩ። ነገር ግን ለንግድ ያልታሰበ ፊልም የሠራተኛ ደመወዝ አይከፍልም። ስለዚህ በሕፃናት ዘንድ እጅግ የተወደደውን አቶምን ወደ ቴሌቪዥን ለማምጣት ቈረጡ።

እዚህ ላይ የታሪካችን ዋና መገናኛ እንደርሳለን፤ ይኸውም የዋጋው ጕዳይ ነው። አንዱ ክፍል ለጣቢያው የቀረበበት ዋጋ 550,000 የን እንደ ነበረ ዶክቶር ቴዙካ ራሳቸው ጽፈዋል፤ ከዚህ ከፍ ያለ ድምር የሚጠቅሱም አሉ። ሁሉም የሚስማሙበት ግን ዋጋው ከእውነተኛው ወጪ በብዙ ያነሰ መሆኑን ነው። ይህንን ያደረጉበትን ምክንያት ሲገልጹ፣ በመጀመሪያ ማስታወቂያ የሚያስነግረው ኩባንያ በዋጋው ብዛት ደንግጦ እንዳይሸሽ፣ ሁለተኛም ሌሎች ተወዳዳሪዎች በዚህ ዋጋ ሊሠሩ ስለማይችሉ ሜዳው ለሙሺ ብቻ እንዲቀር አስበው እንደ ነበረ ተናግረዋል። የጐደለውን ግን ከማንጋው ገቢ ከራሳቸው ኪስ እየሞሉ ሊሠሩ ተነሡ። በዚህም ዓይነት የመጀመሪያው ክፍል በጃንዋሪ 1 ቀን 1963፣ በጃፓኖች የዘመን መለወጫ ዕለት፣ በፉጂ ቴሌቪዥን ታየ። ማስታወቂያውን ያስነገረው ሜይጂ የተባለው የቸኮላታና የጣፋጭ ኩባንያ ነበር።

በዚህ ዋጋ ሥራው በሳምንት አንድ ጊዜ እንዲደርስ ያደረጉት ብልኀቶች በእውነቱ የሚያስደንቁ ናቸው። አንደኛ፣ እያንዳንዱን ሥዕል ሦስት ጊዜ እየደጋገሙ በካሜራ በማንሣት በሴኮንድ 24 ሥዕል የሚፈልገውን ሥራ በስምንት ሥዕል ፈጸሙት፤ 36,000 የነበረው ወደ 12,000 ወረደ ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ሰው ሲደነግጥ ወይም ሲያስብ ሥዕሉ ጨርሶ ሳይንቀሳቀስ እንዲቈይ አደረጉ። ሦስተኛ፣ አቶም በሰማይ ሲበር እርሱን እንደ ቆመ ትተው ከበስተጀርባው ያለውን የደመና ሥዕል ጐተቱት። አራተኛ፣ ሰው ሲራመድ ወይም ሲሮጥ ጥቂት ሥዕሎችን እያዞሩ ደጋገሙ። አምስተኛ፣ ሰው ሲናገር አፉን ብቻ፣ ሲያመለክት ክንዱን ብቻ ለየብቻ ሥለው ሌላውን አካል እንዳለ ተዉት። ስድስተኛ፣ አንድ ጊዜ የተሣለውን ሥዕል ሳይጥሉ በልዩ ስፍራ አስቀምጠው በሌላ ክፍል እንደ ገና ተጠቀሙበት። ይህንንም የሥዕል ማከማቻ በባንክ ስም ጠሩት፤ ገንዘብ በሌለበት ስቱዲዮ ሥዕሉ እንደ ገንዘብ ተቀማጭ ሆነ ማለት ነው። በእነዚህ ሁሉ ብልኀቶች ተባብረው ለአንድ ክፍል አዲስ የሚሣሉትን ሥዕሎች በጥቂት ሺሕ እንዲወሰኑ አደረጓቸው።

ሙሉ እንቅስቃሴን የለመዱ ሠዓልያን ይህን በተመለከቱ ጊዜ «ይህ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ሊባል አይገባውም» ብለው ነቀፉ። ነቀፋቸውም ሐሰት አልነበረም፤ አቶም እንደ ዲዝኒ ፍጡሮች እየተለሳለሰ አይራመድም። ነገር ግን ነቃፊዎቹ አንድ ነገር ዘንግተው ነበር። አካሉ ሲቆም ታሪኩ መሮጥ እንዳለበት የሙሺ ሰዎች ተረዱ። ስለዚህ አንዱን ምስል ቶሎ ቶሎ በሌላው እየለወጡ፣ ፊትን አቅርበው እያሳዩ፣ የተመልካቹን ልብ በታሪኩ ኀዘንና ደስታ ያዙት። ማሪ ሺሚዙ የተባሉት ተዋናይት ለአቶም ድምፃቸውን ሰጡት፤ ታትሱዎ ታካይ ሙዚቃውን ደረሱለት፤ ማትሱዎ ኦኖ ደግሞ የእግሩን ኮቴ ሳይቀር በምድር ላይ ተሰምቶ በማያውቅ ልዩ ድምፅ አጀቡት። እጅ ያልሣለውን ጆሮ ሣለው ብንል ከእውነት አንርቅም። አባቱ የሸጠውን ልጅ በሰርከስ ሜዳ ቆሞ ያየ ሕፃን በሴኮንድ ስንት ሥዕል እንዳለፈ አይቈጥርም።

ሕዝቡም ፍርዱን ሰጠ። በጃንዋሪ 1964 ከታየው አንዱ ክፍል የተመልካቹ መጠን 40 ከመቶ አለፈ። ይህም አበበ ቢቂላ በቶኪዮ ኦሊምፒክ የማራቶንን ድል ለሁለተኛ ጊዜ የተቀዳጀበት ዓመት ነው፤ በዚያ ዘመን ቴሌቪዥን በጃፓን ቤቶች ሁሉ ፈጥኖ ይገባ ነበር። የሜይጂ ኩባንያ የአቶምን ሥዕል ከቸኮላታው ጋር እያደረገ ብዙ ሸጠ። የአሜሪካው ኤን ቢ ሲም ለመነሻ 52 ክፍሎችን ገዝቶ በ1963 «አስትሮ ቦይ» በሚል ስም በአሜሪካ አሳየ፤ ለሕፃናት አይስማሙም ያላቸውን አንዳንድ ክፍሎች ግን ሳይቀበል መለሰ።

ነገር ግን ስለ ተወዳዳሪዎች የታሰበው ሐሳብ ፈጽሞ አልተሳካም። ገና ዓመቱ ሳያልቅ፣ በዚያው በ1963 ሌሎች ተከታታይ የሥዕል ፊልሞች በጃፓን ቴሌቪዥን ላይ ወጡ፤ ከእነርሱም አንዱን ያዘጋጀው ቶኤይ ራሱ ነበር። አቶም በርካሽ ሊሠራ እንደሚችል ከታየ በኋላ፣ ገንዘብ የሚከፍሉት ሰዎች «እርሱ በዚህ ዋጋ ሠርቶ የለምን?» ለማለት ቻሉ። ለመከላከያ የተሠራው አጥር ለሁሉም ልጓም ሆነ።

በሙሺም ቤት ድካሙ ከባድ ነበር። ዶክቶር ቴዙካ ቀን ለመጽሔቶች ማንጋ ሲሥሉ ውለው ሌሊት ለፊልሙ ይሥሉ ነበር። ሠራተኞቹም አንዱን ክፍል ጨርሰው እፎይ ሳይሉ የሚቀጥለው ይደርስባቸዋል። የማንጋው ታሪክ ባለቀ ጊዜ ደግሞ አዲስ ታሪክ መድረስ ግድ ሆነ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው ሥራውን ብዙ ሰዎች ተካፈሉት፤ ለወጣቶቹ ሠዓልያን ስቱዲዮው እንደ ትምህርት ቤት ሆነላቸው። ኦሳሙ ዴዛኪና ሪንታሮ የተባሉት በኋላ ስመ ጥር የሆኑ አዘጋጆች በዚያ የሠለጠኑ ናቸው። እንዲህ ባለው ድካም 193 ክፍሎች ተሠርተው የመጨረሻው በዲሴምበር 31 ቀን 1966 ታየ። በዚያም ክፍል አቶም ምድርን ለማዳን ሲል ወደ ፀሐይ በርሮ ገባ።

ከዚያ በኋላ ሙሺ በ1965 በጀመረው ባለቀለም ሥራና በሌሎችም ተከታታይ ፊልሞች ገፋ። ዳሩ ግን ገቢና ወጪው አልስማማ ስላለ ዶክቶር ቴዙካ በ1971 ከመሪነቱ ወረዱ፤ ስቱዲዮውም በ1973 ከሠረ። እርሳቸው ግን ብዕራቸውን ሳይጥሉ ሲሠሩ ቈይተው በፌብሯሪ 9 ቀን 1989 በ60 ዓመታቸው ዐረፉ። በዚያው ዓመት ሌላው ታላቅ የፊልም አዘጋጅ ሃያኦ ሚያዛኪ ስለ እርሳቸው በሰጡት አስተያየት፣ የማንጋ ጥበባቸውን ሲያከብሩ የፊልም ሥራቸውን ግን ነቀፉ፤ በአቶም ጊዜ የተጀመረው ዝቅተኛ ዋጋ የሥዕል ፊልም ሥራን ለረጅም ዘመን እንደ ጐዳው ሳይሸሽጉ ተናገሩ። የወጣት ሠዓልያን ክፍያ ማነስ ዛሬም በጃፓን የሚነሣ ጕዳይ ነው።

በሌላው ወገን ደግሞ የሚከራከሩላቸው አሉ። ዋጋው ከፍ ቢል ኖሮ አቶም በቴሌቪዥን ባልታየም ነበር፤ እርሱ ባይታይ ደግሞ ከሙሺ የወጡ ሰዎች በ1972 የመሠረቷቸው፣ በዓለም የታወቁት ማድሃውስና ሳንራይዝ የተባሉት ድርጅቶች ባልተገኙም ነበር ይላሉ። ይህም ክርክር ኃይል አለው። ከዚህም ጋር ዶክቶር ቴዙካ በሥራው ለመክበር ሳይሆን ሀብታቸውን ለማፍሰስ የተዘጋጁ ሰው እንደ ነበሩ መካድ አይቻልም።

እኛ ሁለቱን ወገኖች ከሰማን በኋላ የምንደርስበት ፍርድ ይህ ነው። ብልኀቱ የሚመሰገን ነው፤ ስሕተቱ ያለው በብልኀቱ ላይ ሳይሆን በሂሳቡ ላይ ነው። የአቶም ዋጋ ትንሽ መስሎ የታየው የጐደለውን የሚሞላ ሌላ ኪስ ስለ ነበረ ነው፤ ያም የዶክቶር ቴዙካ የራሳቸው የማንጋ ገቢ ነበር። ዋጋው ልማድ ሆኖ ወደ ሌሎች ስቱዲዮዎች በተላለፈ ጊዜ ግን ያ ኪስ አብሮ አልተላለፈም። ስለዚህ ጐደሎውን የሚሞላ ሌላ ነገር ተፈለገ፤ የተገኘውም የወጣቱ ሠዓሊ እንቅልፍና ጤና ነው። አንድ ሰው በፈቃዱ የሠዋው መሥዋዕት ክብር ነው፤ ያንኑ ከሌላው እንደ ግብር መጠየቅ ግን ግፍ ነው።

እኛም በመሥሪያ ቤት የምንውል ሰዎች ይህን ነገር በመጠኑ እናውቀዋለን። አንድ ሥራ በጥቂት ገንዘብና በብዙ ድካም አንድ ጊዜ ሲሳካ ሁሉም ሰው ያመሰግናል። በሚመጣው ዓመት ግን ለዚያው ሥራ የሚቈረጠው ገንዘብ የዓምናውን ያኽል ይሆናል፤ በሥራው ላይ ያመሸው ሰው ድካም በመዝገቡ ላይ አልተጻፈምና። ምስጋናው ያልፋል፤ ቍጥሩ ይቀራል። ስለዚህ በጥቂት ነገር ብዙ የሠራን ሰው ስናመሰግን፣ ከእርሱ ቀጥሎ በዚያ ወንበር የሚቀመጠውንም ማሰብ ይገባናል።

ተረቱም ራሱ የሚያስተምረን ይህንኑ ነው። ተንማ ልጁን የሸጠው ልጁ ስላልሠራ አይደለም፤ የሚጠበቅበትን ሁሉ እየሠራ ሳለ አንዱን ነገር፣ ማደግን ስላልቻለ ነው። ፕሮፌሰር ኦቻኖሚዙ ደግሞ የሮቦቱን ጕልበት ሳይሆን የሚሰማውን ኀዘን ተመልክተው አወጡት። በአቶም ፊልም ፊት የተቀመጡ የጃፓን ሕፃናት ይህን ልዩነት ያለ አስተማሪ ተረድተውታል። ሥዕሉን ሌሊት ለሣሉት እጆች ደግሞ ያው ፍርድ እንዲደርሳቸው መመኘት ከእኛ ከትልልቆቹ ይጠበቃል።